ያላሸተትኩት ቅቤ

ዛሬ ጠዋት የባለቤቴን የክት ነጠላ ሮዝ አደረግኩት። ለነገው የግንቦት ልደታ ብላ ያዘጋጀችው፣ እንደ ጥጥ የነጣ ነጠላ ነበር። ልጃችን የገዛልን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። "ተይ፣ እኔ አለሁ" አልኳት። "ዕድሜ ልኬን እንጀራ የበላሁት በምን ሆነና!" መነጽሬን ሰክቼ፣ መመሪያውን እንደ ዳዊት ከፍቼ፣ ድምፄን ጎላ አድርጌ ተረጎምኩላት። ስለ ውኃው ሙቀት፣ ስለ ሳሙናው ልክ፣ ነጩን ከባለ ቀለሙ ስለ መለየት። የመጨረሻዋን እንዲያውም ደገምኩላት፤ አማርኛዋ አምራልኝ ነበር። ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ። ጎንበስ ብዬ የማሽኑን ሆድ ግን አላየሁም። ትናንት እዚያው የረሳሁት ቀይ ሹራቤ ተጠቅልሎ ተኝቶ ኖሯል።

ባለቤቴ አልማዝ ነጠላዋን አውጥታ በሁለት እጇ ዘርግታ አየችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አበላሸኸው" አለች፣ ቀስ ብላ።

"አልተበላሸም እኮ፣ ቀለሙ ነው ትንሽ..."

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄንንም ልትተረጉመው ነው?"

በረንዳ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከፍ ካለው ፎቅ ላይ ነው። በረንዳችን የፍርድ ቤቱን ጣሪያ ያሳያል። ሌላ ሰው ቢሆን ጣሪያ አይቶ ይገባል። እኔ ግን ያንን ጣሪያ ባየሁ ቁጥር ቆሜ እቀራለሁ፤ ምክንያቱንም ዛሬ፣ ነጠላው ገመድ ላይ እየተንጠባጠበ ሲያሳጣኝ፣ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

"አበላሸ" የእንጀራዬ ቃል ነበረች። በደርግ ዘመን፣ ከዘመቻ መልስ፣ እዚሁ ልደታ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በተርጓሚነት ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ደግሞም ስሙን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩት ስለነበር የመጨረሻውን እኔም አላስታውሰውም። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ በዓል ከመጣ ግን ዕዳ ነው። ሥራችን ከወደብ፣ ከፋብሪካና ከመጋዘን የሚመጡ የውጭ ባለሙያዎችን ሪፖርት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። ባለሙያዎቹ ከወዳጅ አገሮች የመጡ ናቸው። እንግሊዝኛው የእነሱም አይደለ፣ የእኛም አይደለ፤ ሁለት እንግዶች በሦስተኛ ሰው ሳሎን ተቀምጠው እንደሚነጋገሩት ዓይነት ነበር።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከእንግሊዝኛ ግሶች ሁሉ አንዱን አብዝተው ይወዱት ነበር፤ ስፖይል የሚባለውን። ሲሚንቶ ዝናብ ሲመታው ስፖይል፣ ስንዴ ሲነቅዝ ስፖይል፣ የመኪና ጎማ ፀሐይ ሲሰነጥቀው ስፖይል። አንዱማ በፋብሪካው ሰዎች ተናድዶ ሠራተኞቹም ስፖይል ሆነዋል ብሎ ጻፈ። እኔ አዲሱ ተርጓሚ ምን ብዬ ብጽፍ ጥሩ ነው? "ሠራተኞቹ ተበላሽተዋል።"

ወረቀቱ አራሚው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። አራሚው ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ ጥርት ያለ አንገትጌ ያለው፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት የሚለብሱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። ወረቀቱን አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"እነዚህ ሠራተኞች ገምተው ነው ወይስ ሞልቅቀው?"

"ማለት ጋሼ?"

"ገምተው ከሆነ ቶሎ ይቀበሩ። ሞልቅቀው ከሆነ ደግሞ ሌላ ቃል ፈልግላቸው።"

ተርጓሚ ያደረጉኝ እኚህ ሰው ናቸው። ያ ግስ በእንግሊዝኛ ቤት ሰፊ እልፍኝ እንዳለው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ወተት ሲኮመጥጥ እሱ ነው፤ እናት ልጇን ከልክ በላይ ስታቀማጥልም እሱ ነው። ዝናብ ድግስ ሲበትን፣ ወሬኛ የተረቱን መጨረሻ ቀድሞ ሲያወጣው፣ አንዲት ቃል የሁለት ሰዎችን ፍቅር ስታሻክር፣ ያው እሱ ነው። ድል ያደረገ ሠራዊት የሚያግዘው ምርኮም ከዚሁ ዘር ይወለዳል። "ሥሩ መግፈፍ ነው" ይሉኝ ነበር። "የወደቀን ሰው ጋሻና ልብስ መግፈፍ። ስለዚህ ባገኘኸው ቁጥር የተገፈፈው ማነው ብለህ ጠይቅ።"

"የእኛ አማርኛ ግን ብልሽትን በየስሙ ይጠራዋል" ይላሉ ደግሞ፣ ጣታቸውን እያጠፉ። "እህል ይነቅዛል፣ ዳቦ ይሻግታል፣ ሥጋ ይገማል፣ ድንች ይበሰብሳል፣ ብረት ይዝጋል፣ ጨርቅ ይወይባል፣ ጥይት ይከሽፋል፣ ሐሳብ ይመክናል። ስሙን ካላወቅከው ሁሉንም ተበላሸ ትለዋለህ። ሰነፍ ሐኪም የመጣውን በሽተኛ ሁሉ 'አሞታል' ብሎ እንደሚሸኘው።"

ስሙን ለማወቅ ደግሞ መዝገበ ቃላት አይከፍቱም። ጠረጴዛቸው ሥር አንድ ጥቁር የላስቲክ ቦቲ ጫማ አለ። የብልሽት ሪፖርት በመጣ ቁጥር ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው፣ ቦቲያቸውን አጥልቀው፣ ኪሳቸው ውስጥ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ ከትተው ወደ መጋዘኑ ይሄዳሉ። ዕቃውን ያያሉ፤ በጣታቸው ይፈትጉታል፤ ያሸቱታል፤ የሚቀመስ ከሆነ ቀምሰው፣ አፋቸውን በዳቦው አጽድተው፣ እንደገና ይቀምሳሉ። ሲመለሱ በእርሳስ ይጽፋሉ። ሻይ ይጠጣሉ። ያኔ ገና ብዕር ያነሳሉ።

አንድ ሳምንት መስኮታቸው ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት አስቀምጠው እንዳይነካ አዘዙ። ጠዋት ጠዋት "ምን ሆነ?" ይሉኛል። የመጀመሪያ ቀን "ምንም"፤ ቀጥሎ "ኮምጠጥ አለ" አልኩ። ሲጠጥር "ተበላሸ!" ብዬ ፈረድኩ። ጋሽ ደምሴ ከቦርሳቸው ማንኪያ አወጡና ዓይን ዓይኔን እያዩ እርጎውን እስከ ጠርዙ ጨለጡት። "ለማን ነው የተበላሸው?" አሉ፣ ከንፈራቸውን እየጠረጉ። እኔ ሞኙ፣ ቁርሳቸው መስሎኝ ሳቅኩ።

የክፍላችን ኃላፊ ጓድ አያሌው የሚባል ነበር፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፣ በድምፅ ግን ሁላችንንም ይበልጣል። እሱ ቃል ሲመርጥ ዕቃውን ሳይሆን ጊዜውን ያይ ነበር። ያ ሲሚንቶ በዝናብ የደረቀ ጊዜ ትርጉሙ ላይ "የአድኃሪያን እጅ አለበት" የሚል እንዲጨመር ፈለገ።

"ጓድ" አሉት ጋሽ ደምሴ፣ "ሄጄ ያየሁት ዝናብ ነው። ዝናብን አድኃሪ ልበለው?"

እኛ ታች ታች አየን። ሳቅ በዚያን ዘመን ወለል እየታየ ነበር የሚሳቀው። ጓድ አያሌው ግን አልሳቀም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የትም አይጥለውም።

ወደ ቅቤው ልምጣ። ስዞረው የቆየሁት እሱን ነው።

ጋሽ ደምሴ እህታቸው ሞተችባቸውና ለቀብር ሰላሌ ሄዱ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። በዚያው ሰሞን የአንድ የመንግሥት መጋዘን ሪፖርት መጣ። አንድ የውጭ ባለሙያ ጎተራውን ሲፈትሽ በማሰሮ የታሸገ ብዙ ቅቤ አግኝቷል፤ ቢጫ ነው፣ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ሲቀምሱት ይኮመጥጣል፤ ስፖይል ሆኗል። ጓድ አያሌው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

"ከምሳ በፊት እፈልገዋለሁ።"

መጋዘኑ ሩቅ አልነበረም፤ ጌጃ ሰፈርን አልፎ ነው። ግን የበልግ ዝናብ ጥሏል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እኔ ደግሞ አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። ቡናማ፣ ባለ ጥልፍ። ከጠረጴዛው ሥር የጋሽ ደምሴን ቦቲ አየሁት፤ እሱም ያየኝ መሰለኝ። ፊቴን አዞርኩና ጻፍኩ፦ "ቅቤው ሙሉ በሙሉ ተበላሽቶ፣ ለምግብነት የማይውል ሆኖ ተገኝቷል።" ሙሉ በሙሉ የምትለዋን እንግሊዝኛው አላላትም፤ ለአማርኛው ውበት ከራሴ የጨመርኳት ናት። ጓድ አያሌው በአራሚው ቦታ ራሱ ፈረመበትና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አማርኛ ማለት ይሄ ነው!" አለኝ። ደስ አለኝ እኮ! ይሄንን ሳልጽፍ ብቀር እወድ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ጥቁር ክራቫት አድርገው ሲመለሱ ቅጂውን አነበቡ።

"አሸተትከው?"

"ማንን ጋሼ?"

"ቅቤውን።"

ጫማዬን አዩ። ቦቲያቸውን ሳቡና "ና" አሉኝ።

መጋዘኑ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ የሺ መታሰራቸውን የነገረን እሱ ነው። በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰዋል። በዚያን ጊዜ አሻጥር የምትለው ቃል የሰው በር ካንኳኳች ብቻዋን አትመለስም ነበር።

"ቅቤውስ?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ተቀበረ። ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ጋዝ አርከፍክፈውበት።" ዘበኛው ወደ ጓሮው በአገጩ አመለከተ። "ማሰሮውን ሲሰብሩት ሰፈሩ በሙሉ ሸተተው፣ ጋሼ። ፋሲካ ሳይደርስ ፋሲካ የገባ ነበር የሚመስለው። እናቶች አጥሩ ላይ ቆመው አለቀሱ።"

ጋሽ ደምሴ ጉድጓዱ አፋፍ ድረስ ሄደው ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ነኝ፤ አዲሱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባለሙያው አልዋሸም፤ በአገሩ አፍንጫ ያ ሽታ ብልሽት ነው። በእኛ ቤት ግን ቅቤ ለጋ ይባላል፣ መካከለኛ ይባላል፣ በሳል ይባላል። በሳሉ ለወጥ ይፈለጋል፣ ከለጋውም ይልቅ ይከበራል። ሰው ሁሉ በሚጾምበት ወቅት ቅቤ ይረክሳል፤ ብልህ ባለ መጋዘን ያን ጊዜ ገዝቶ ለፋሲካ ያበስለዋል። እትዬ የሺ ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ለምን እንደሚያቆዩት ግን ወረቀት ላይ ማስፈር አይችሉም፤ የመንግሥት መጋዘን ጾምና ፋሲካ አያውቅማ። ይሄ ሁሉ ለማንም የአዲስ አበባ ሰው ግልጽ ነው። እኔም የአዲስ አበባ ሰው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ክዳኑን ከፍቼ ባሸተው ኖሮ እጄ ያንን አይጽፍም ነበር።

ጋሽ ደምሴ በዚያው ቀን የትርጉም ማስተካከያ ጻፉ። ተርጓሚው ዕቃውን ሳያይ መተርጎሙን፣ በሪፖርቱ የተዘረዘሩት ምልክቶችም የበሳል ቅቤ መሆናቸውን የሚገልጽ ግማሽ ገጽ። ፈረሙበት፤ ከላይ፣ በእኔ ቦታ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አልነበሩም" አልኳቸው።

"አውቃለሁ፤ አንተ ከሥር ፈርም።"

ጓድ አያሌው ሲያነበው ፊቱ ተለዋወጠ፤ በፊተኛው ላይ የእሱም ፊርማ አለበት። "ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዷል! አሻጥረኛ ልታድኑ ነው? ማነው ይሄንን ያሰበው?" አለ። ዓይኑ ላይኛው ፊርማ ላይ አረፈ። ጋሽ ደምሴ "እኔ ነኝ" አሉት። እኔስ ምን አልኩ? ጫማዬ ላይ የደረቀውን ጭቃ እያየሁ ነበር።

ባለሙያው ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ስለዚህ ሪፖርቱን እንዳስረዳ እኔ ተጠራሁ። ከቀጠሮው በፊት ጋሽ ደምሴ እትዬ የሺን ጣቢያ ሄጄ እንዳያቸው አዘዙኝ። "ስንቅ ይዘህ ሂድ። ማን እንደሆንክም ንገራቸው። ሳትነግር እንዳትመጣ።" ነገርኳቸው። ወፍራም፣ ቀይ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ ሴት ነበሩ። ከላይ እስከ ታች ገረመሙኝ።

"አንተ ነህ ፈረንጁ በአማርኛ እንዲሰድበኝ ያደረግከው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ቅቤ በልተህ አታውቅም?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ነካህ ልጄ?"

ቢሰድቡኝ ኖሮ ምናለ። አለቀስኩ፤ ጎልማሳ ነኝ፣ ፖሊስ እያየኝ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሌላ ነበር። ለመጋዘኑ ቅቤ ከሸጡት ከእነዚያው ሴቶች፣ በዚያው ሰሞን ለቤታቸው የገዙት ትንሽ ማሰሮ ቅቤ ጌጃ ሰፈር እቤታቸው ነበረ። "እሱን ውሰድና ዳኞቹ ያሽትቱት" አሉኝ። "አደራ፣ ክዳኑን እንዳትጥለው። ከማሰሮው ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ገጣሚ አይገኝለትም።"

በቀጠሮው ቀን፣ ከጾሙ ማለቂያ ሳምንታት በአንዱ፣ ያ ከበረንዳዬ የሚታየው ጣሪያ ሥር ቆምኩ። ማሰሮዋን በጋዜጣ ጠቅልዬ አቅፌአታለሁ፤ ልጅ የታቀፈ ወንደላጤ ነበር የምመስለው። ሦስት ዳኞች ተሰይመዋል፤ የመሐሉ ዳኛ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከንፈራቸው የደረቀ ሰው ናቸው። እትዬ የሺ ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆመዋል። ጋሽ ደምሴ ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ዓቃቤ ሕጉ ተነሣ።

"ባለሙያው ቅቤው ተበላሽቷል ብሏል ወይስ አላለም?"

"ብሏል።"

"አንተስ እንደዚያ ብለህ ተርጉመሃል ወይስ አልተረጎምክም?"

"ተርጉሜያለሁ። እሱ ግን የጻፈው አሽትቶ ነው፤ እኔ የጻፍኩት ሳላሸት ነው።"

"ፍርድ ቤት እያሾፍክ ነው?"

"አይደለም ጌታዬ። የተቀበረው ቅቤ እዚህ ሊቀርብ አይችልም። ከዚያው የተገዛ ይሄ ነው።"

ጋዜጣውን ፈታሁና ክዳኑን አነሳሁ።

ሽታውን እንዴት ልጻፈው? ስንት ዓመት ቃል ስፈልግ ኖሬ ለዚህ የሚሆን አላገኘሁም። መጀመሪያ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ደረሰ። አንዲት እናት ዓይኗን ጨፈነች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ምራቁን ሲውጥ ተሰማኝ። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ወጣ። የመሐሉ ዳኛ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ጫን አደረጉ።

"ክደነው!" አሉ። "ክደነው እንጂ አንተ ሰው፣ በጾም..."

አፋቸውን በመሐረባቸው ያዙት፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። በዚያን ዘመን፣ በዚያ ወንበር ላይ፣ ዳኛ ጾም አይልም። ዓቃቤ ሕጉ ቢፈልግ ሊይዛቸው ይችል ነበር። ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ማሰሮውን አየ፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ያለ ምክንያት ያስተካክል ጀመር። የእሱም ከንፈር ደርቆ ነበር። ከገማ ነገር ለመሸሽ ጾም የሚጠቅስ ሰው እንደሌለ እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ደግሞ ልክደን ብዬ ስጣደፍ ክዳኑ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ።

"ወይኔ ክዳኔ!" አሉ እትዬ የሺ፣ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ። እስራት ወይም ከዚያ የባሰ ከፊታቸው ተደቅኖ ክዳናቸው አንጀታቸውን በላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዳኛው እንኳ በመሐረባቸው ሥር። ክዳን የሌለው ቅቤ ደግሞ ችሎቱ እስኪነሣ ድረስ በሁላችንም አፍንጫ ሥር ተቀመጠ። ክርክሩ ቀጠለ፤ ግን ቅቤው ተበላሽቷል የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ደፍሮ የተናገረ አልነበረም።

ፋሲካ አልፎ ብይኑ መጣ። አሻጥሩ ተሰረዘ፤ እትዬ የሺ ግን "በንብረት አያያዝ ጉድለት" ከሥራቸው ተሰናበቱ። ምንም ካልተገኘባቸውማ ለምን ታሰሩ ሊባል ነው። ሕይወታቸውን አገኙ፣ እንጀራቸውን አጡ። ጌጃ ሰፈር እደጃፋቸው ላይ በርበሬና ቅመም እየቸረቸሩ ልጆቻቸውን አሳደጉ።

የጋሽ ደምሴ ደግሞ ከዚያ በፊት መጣ። "ለሥራው ስለሚፈለጉ" ወደ አሰብ ተዛወሩ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ የታመመ ደረት። ጓድ አያሌው ላይኛውን ፊርማ አልረሳም። አውቶቡስ ተራ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ሻንጣቸውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛውር ነበር። "አይዞህ" አሉኝ። "አሰብ የጨው አገር ነው። ጨው አይነቅዝ፣ አይሻግት፣ አይገማ። ሥራ ፈት ልሆን ነው።" ሳቅኩላቸው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አጎንብሰው "ቦቲዬን አደራ" አሉ።

አልተመለሱም። ሙቀቱን አልቻሉትም አሉን። ስማቸው ከላይ የሰፈረው እኔ መፈረም በሚገባኝ ቦታ ላይ ነበር፤ ይሄንን ከዚህ በላይ ማብራራት አልችልም።

ቦቲውን ግን ለበስኩት። እግራቸው ከእኔ ይተልቅ ስለነበር ፊቱ ላይ ጋዜጣ እጠቀጥቅበት ነበር። ደርግ እስኪወድቅ፣ ከወደቀም በኋላ ጡረታ እስክወጣ፣ ሳላይ የተረጎምኩት ብልሽት የለም። ሲሚንቶ አሽትቼ ግማሽ ቀን አስነጥሼያለሁ። ማዳበሪያ ቀምሼ ምላሴ ተልጧል፤ ያገኘሁትን ስለምልስ የክፍሉ ልጆች "በሬው" ይሉኝ ነበር። ከእኔ በኋላ የመጡት ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ስልኩ ይተረጉምላቸዋል። ጥሩ ይተረጉማል፣ አልዋሽም፤ ከእኔ የመጀመሪያ ዓመታት ይሻላል። መጋዘን ሂድ የሚለው ግን የለም።

የጌጃ ሰፈር ቤቶች ሲፈርሱ እትዬ የሺም እንደ እኛ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ ከእኛ ፊት ለፊት፣ ምድር ቤት። ማሰሮዋን ፍርድ ቤት እንደጨረስኩ መልሼላቸዋለሁ። አሁንም ወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ ናት፣ በስኒ ማስቀመጫ ተከድና። በየዓመቱ ግንቦት ልደታ ጎረቤቱ ግቢው ውስጥ ንፍሮ ቀቅሎ ሲሰበሰብ ወንበራቸውን አስወጥተው ይቀመጣሉ፤ ገና ከደረጃው ስወርድ፣ ሰላምታ ሳይሰጡኝ፣ "ክዳኔስ?" ይላሉ። ጎረቤት ይስቃል። እኔም ከሸክላ ሠሪዎች የገዛሁትን ከጋዜጣ አወጣለሁ። ይሞክሩታል። ወይ ይሰፋል፣ ወይ ይጠባል፣ ወይ ያዘነብላል። "የሰው ክዳን ነው" ብለው ይመልሱልኛል። አንድ ዓመት ልክክ ያለ መስሎኝ ጋዜጣውን አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ ነበር። በጣታቸው ጠርዙን ዞረው ዞረው፣ "እዚህ ጋ አየር ያስገባል" አሉ።

አልማዝ አሁን በረንዳ መጥታ ነጠላውን ዳሰሰችው። ደርቋል። ተከናነበችውና ወደ እኔ ዞረች።

"ነገ እትዬ የሺ ምን ሆነሽ ነው ካሉኝ ምን ልበላቸው?"

"ተርጓሚ አግብቼ ነው በያቸው።"

ሳትወድ ሳቀች። "ክዳን ገዝተሃል?"

ገዝቻለሁ። ከአልጋው ሥር፣ ቦቲው ውስጥ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እንደማይገጥም አውቀዋለሁ፤ ነገ ግን ይዤው እወርዳለሁ። እትዬ የሺ ጠርዙን በጣታቸው ይዞሩታል፣ ይመልሱልኛል፤ እኔም አንድ ክዳን እንዳለብኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።